ጋሽ ይልማ ያጠፉት ዜሮ

ስልኩ የደወለው ኩሌ፣ የስደተኞች ጣቢያው ገበያ ውስጥ፣ ለአንዲት እናት የፀጉር ቅባት በማንኪያ ስቀዳ ነው። እኩለ ቀን ነበር። በእኛ አገር በመጋቢት እኩለ ቀን ቅቤ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ዘይት ነው። ማንኪያዬን እንደያዝኩ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል አጣብቄ አነሳሁት። የጋሽ ይልማ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ነበሩ።

"አሪየት፣ ጋሽሽ ሄዱ" አሉኝ። "ዛሬ ጠዋት። ቀብሩ ነገ ነው።"

ዘይቱ በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ሴትዮዋ ጠርሙሷን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ሞላሁላት፣ ሒሳቡንም ሳልቀበላት ሄደች፤ እሷም አላስታወሰችኝም።

አክስቴ አኳታ አጠገቤ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ጠርሙስ ትወለውል ነበር። ነገርኳት። ጨርቁን አስቀመጠች። ከዚያ በቋንቋችን፣ "ማን ነው የሚሸከመው?" አለችኝ።

መጠየቋ ልክ ነበር። ጋሽ ይልማ ሬሳቸውን የሚሸከም ወንድ ልጅ የላቸውም፣ ዘመዶቻቸውም ሩቅ ደጋ ናቸው። እኔ ግን ያን ጥያቄ ስሰማ እንባዬ መጣ፤ ምክንያቱም ጥያቄው የራሳቸው ነው። ስንት ጊዜ ከአፋቸው ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜም በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ጠልቻቸው ነበር።

ጋሽ ይልማ በከተማችን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የንግድ ዕቅድ የሚመረምሩ ባለሙያ ነበሩ። ብድር የሚፈልግ ሁሉ ዕቅዱን ጽፎ መጀመሪያ የሚያቀርበው ለሳቸው ነው። "አዋጭ ነው" ብለው ካልፈረሙ ወረቀቱ ወደ አበዳሪው አይሄድም። ለሁለት ዓመት ተብለው ከደጋ ተመድበው መጥተው ዕድሜያቸውን እዚሁ ጨረሱት። ራሳቸው መላጣ ነበር፣ አንድ ዘለላ ፀጉር አልነበራቸውም። "ይዤው መጥቼ ነበር፣ ባሮ ወሰደው" ይሉ ነበር። አንገታቸው ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ፎጣ አለች፣ ላባቸውን ይጠርጉባታል። በእስክሪብቶ አይጽፉም። እርሳስ ከጆሯቸው ጀርባ አውጥተው ወረቀቱን ባለጉዳዩ እንዲያየው አዙረው ያስቀምጡና እሳቸው በተገላቢጦሽ ያነባሉ። በዚህ ልማዳቸው ስንቶቻችን ስቀናል።

ደግሞ እንደ ልጅ ከሚያዩኝ ከኔ በቀር ሰውን ሁሉ "እርስዎ" ይሉ ነበር፤ ከገጠር የመጣችውን እናት፣ ጥበቃውን፣ አሣ ሻጯን። አክስቴን መጀመሪያ ባነጋገሯት ቀን ከቢሮው ስንወጣ፣ "ያ ሰውዬ ስንት ሰው ነው የሚያናግረው? እኔ አንድ ነኝ" አለችኝ። ቢሮ ውስጥ "አንቺ" መባል ለምዳ "እርስዎ" የሚላት ስታገኝ ከኋላዋ ሌላ ሰው የቆመ መስሏት ዞር ብላ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ያጣሁ፣ ሥራ ከማጣቴም በላይ ቁጡ የሆንኩ ልጅ ነበርኩ። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። በአቦቦ መንገድ በኩል ባለው ጫካ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል ዛፍ አለ። ፍሬውን እንበላለን፤ ውስጡ ያለውን ዘር ደግሞ ሴቶቹ ቀቅለው፣ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ አሽተው ቅቤ ያወጡበታል። አዲስ አበባ ያሉ ሱቆች ሺአ ቅቤ እያሉ በትንሽ ብልቃጥ ውድ ይሸጡታል። የአክስቴን ቅቤ እየተቀባ ያደገው የኔ ፀጉር እንደ ገመድ ጠንካራ ነበር። እናም አሰብኩ፦ የአክስቴን ቅቤ በብልቃጥ አድርጌ፣ ስሟን ለጥፌ፣ "የአኳታ የፀጉር ቅባት" ብዬ ለምን አልሸጥም? አዲስ አበባ ካለ አንድ ነጋዴ ጋር በስልክ ተነጋገርን። በየወሩ ብዙ ካርቶን እወስዳለሁ አለኝ። ብድሩ ከተገኘ ብልቃጥ፣ ምልክት፣ መፍጫ ማሽን እገዛለሁ። ከጫካው ፍሬ የሚያመጡት አክስቴና ስምንት ጓደኞቿ ናቸው።

ዕቅዱን በሦስት ሳምንት ጻፍኩት። በጣም ቆንጆ ዕቅድ ነበር። ጋሽ ይልማ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ከላዩ የናሙና ብልቃጤን በኩራት ደረብኩበት። እሳቸው መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ድረስ ቅቤው በሙቀቱ ቀልጦ በክዳኑ ሾለከና የመጀመሪያውን ገጽ አራሰው። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

እሳቸው ግን ጣታቸውን በፈሰሰው ነክረው መላጣቸውን ቀቡት። "መልካም ነው" አሉ። "ምን ለማብቀል እንደሆነ ባላውቅም።" ከዚያ እርሳሳቸውን አወጡና "ክዳን፣ ሌላ ዓይነት" ብለው ከዳር ጻፉ።

ሥራቸውን ወንበር ላይ ሆነው አይሠሩም። ቅዳሜ ገበያ ሄደው ፀጉር የሚሠሩት ሴቶች ኒም ዛፍ ሥር ከሚቀመጡበት አጠገብ በርጩማ ላይ ዋሉ። ስንት ሰው መጣ፣ ምን ተቀባ፣ ስንት ከፈለ፣ የውጭውን ቅባት ለምን መረጠ፣ ሁሉንም ጠየቁ። ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። አንዷማ፣ "አባባ፣ አንተ ምን ሊሠራልህ ነው? ቦታ የለም እኮ!" አለቻቸው። እሳቸው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እስቲ ይፈልጉ፣ ከጆሮ ጀርባ ሊኖር ይችላል" አሏት። ማታ ሲመለሱ ወረቀታቸው ሞልቶ ነበር። ሰዎች ቅባቱን እንደሚወዱ፣ የኔ ዋጋ ግን ዝቅ ያለ እንደሆነ ነገሩኝ። "ሰው ከዚህ በላይ ይከፍላል፤ አትፍሪ" አሉኝ። በደስታ ልበር ደረስኩ። የብድሩ ማመልከቻ የሚዘጋው ዓርብ ነው፣ የቀረኝ የሳቸው ፊርማ ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት ወጪ የተዘረዘረበትን ገጽ አዙረው አስቀመጡልኝ። እርሳሱ ከላይ ወደ ታች እየሄደ አንድ መስመር ላይ ቆመ። ፍሬውን ከጫካ እስከ አስፋልት ማጓጓዣ፦ ዜሮ።

"ማን ነው የሚሸከመው?" አሉኝ።

"ሴቶቹ ናቸዋ።"

"በምን?"

ጥያቄው ገረመኝ። "በራሳቸው" አልኳቸው። ሌላ በምን ይሸከማሉ? እኛ ዘንድ ውኃውም፣ እንጨቱም፣ በቆሎውም በሴት አናት ነው የሚመጣው። እናቴን ሳስታውሳት ከአንገቷ በላይ ሁልጊዜ ሸክም አለ። ለዚያ ዋጋ መጻፍ ለመተንፈስ ዋጋ እንደመጻፍ ነበር የሚታየኝ።

"እሮብ አብሬያቸው እሄዳለሁ" አሉ ጋሽ ይልማ።

ሄዱ። እኔም ተከትያቸው ሄድኩ፣ እልሁ ይዞኝ እንጂ ወድጄ አልነበረም። ከጫካው እስከ አስፋልቱ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ጋሽ ይልማ ግማሽ ጆንያ ይበቃኛል ብለው ጠየቁ። ሴቶቻችን ሸክም ከማንሳታቸው በፊት ጨርቅ እንደ ቀለበት ጠቅልለው አናታቸው ላይ ያደርጋሉ። አክስቴ የሰውዬውን መላጣ አየችና የራሷን ጨርቅ አውልቃ አናታቸው ላይ አደረገችላቸው። "አንተ ፀጉር የለም። ይጎዳል" አለቻቸው። ለራሷ ቅጠል ጠቀለለች።

አራት ጊዜ አረፉ። በሦስተኛው ላይ ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ተቀበልኳቸው ብል እምቢ አሉ። አክስቴ ያን ጊዜ ስልሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቢቀራት ነው፤ ሙሉ ጆንያ ተሸክማ አንድም ጊዜ ሳታወርድ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ጋሽ ይልማ መሬት ላይ ቁጭ አሉ፣ ፎጣቸውን ጨመቁትና፣

"አንገትዎን ያምዎታል?" ብለው ጠየቋት።

አክስቴ ጥያቄው አልገባትም ብዬ ልተረጉምላት ስል፣ "አንገት ሁልጊዜ ያማል። ሴት አይደለሁም?" አለቻቸው።

እዚያው መንገድ ዳር መኪና የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች ነበሩ፣ ወንዶች ናቸው። ጋሽ ይልማ ወደነሱ ሄደው፣ ይህን ጆንያ ከዚያ ጫካ እዚህ ድረስ ለማምጣት ስንት ትጠይቃላችሁ አሏቸው። ሳቁ። አንዱ "በምን መኪና?" አለ። በሰው መሆኑን ሲሰሙ ተመካከሩና ዋጋ ጠሩ፤ ያውም ለግማሹ ጆንያ። ጋሽ ይልማ ዋጋውን በእርሳስ ጻፉት።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስገባ ላጲሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዜሮዋ የለችም። በቦታዋ ሠራተኞቹ የጠሩት ዋጋ በዘጠኝ ሴትና በወቅቱ ጉዞ ሁሉ ተባዝቶ ተጽፏል። ከሥር ያለው ትርፍ ኪሣራ ሆኗል። ከሱም በታች በዚያ ንጹሕ እጅ ጽሑፋቸው፦ በዚህ መልኩ አዋጭ አይደለም።

"አክስቴ እኮ ናት!" ብዬ ጮህኩ። "እሷ ክፍያ አትጠይቀኝም!"

"ስለማይጠይቁሽ ነው የምጽፈው" አሉኝ።

ለመንኳቸው። ነገ ይዘጋል አልኳቸው። ለአንድ ዓመት ብቻ አልኩ፣ ትርፍ ሲመጣ እከፍላቸዋለሁ አልኩ። እሳቸው፣ "ነጋዴው በየወሩ ካርቶን ይላል። ጭነቱ ሲጨምር የሚጨምረው እሳቸው አናት ላይ ነው። አንገታቸው ትርፍሽን ይጠብቃል?" አሉኝ። ያኔ የማልረሳውን ክፉ ቃል ተናገርኩ። "እርስዎ ደገኛ ነዎት፣ እኛን አያውቁንም። በኛ ድህነት ላይ ቁጭ ብለው ላጲስ ይዘው ይጫወታሉ" አልኳቸው። ሰዎች ከየቢሯቸው አንገታቸውን አወጡ። ጋሽ ይልማ አልተቆጡም። ፎጣቸውን ከአንገታቸው አውርደው አጣጥፈው አስቀመጡት። "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ተቀመጪ" አሉኝ። አልተቀመጥኩም። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ዓርብ አለፈ። ነጋዴውም ስልኬን ማንሳት አቆመ።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሳያቸው እሻገር ነበር። አንድ ጊዜ ድልድዩ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን፣ መሻገሪያ የለም። ኮፍያቸውን አነሱልኝ። እኔ ወንዙን እያየሁ አለፍኩ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጠዋት አክስቴ ኩባያ አንስታ ከእጇ ወደቀ። አነሳችው፣ ደግሞ ወደቀ። ቀኝ እጇ ደንዝዟል። ሐኪሙ አንገቷን በራጅ አነሳና በአጥንቶቹ መሃል ያለው ለስላሳ ነገር አልቆ አጥንቱ ነርቩን እንደተጫነው ነገረን። ከእንግዲህ በራሷ ላይ አንዲት ነገር እንዳትሸከም አለ፤ ከተሸከመች እጇ ላይመለስ ይችላል። ስንወጣ አክስቴ "ጨርቅ እንኳ አይቻልም?" ብላ ጠየቀችኝ። እየቀለደች ነበር። እኔ ግን ፊርማውን ባገኝ ኖሮ በዚያ ሰሞን በስንት ጆንያ ሥር ትሆን እንደነበር እያሰላሁ ነበር። የዕቅዱን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ከበፊቱ ሸክሟ ሁለት እጥፍ ነው።

በማግስቱ ቢሯቸው ሄድኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ያቺ የአክስቴ ጨርቅ ከወንበራቸው ኋላ ሚስማር ላይ ተሰቅላለች።

"የአክስትሽ እጅ እንዴት ነው?" አሉኝ። ሰምተው ነበር።

ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት አለቀስኩ። እሳቸው ተነሥተው በሩን ዘጉ። እንባዬን እስክጨርስ ጠበቁና ያን ቀን ሊነግሩኝ የነበረውን ነገሩኝ። ገና ወጣት ሳሉ ለአንድ የሴቶች ማኅበር የወፍጮ ዕቅድ መርምረው ፈርመው ነበር። ወፍጮው ከመንደሩ ርቆ ነው የተተከለው፣ ቦታው ርካሽ ስለነበረ። እህሉን ወፍጮ ቤት ማድረሻ፣ ዜሮ ብለው አለፉት። ከሴቶቹ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። በቆሎ ተሸክማ መንገድ ላይ ወደቀች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

"ወፍጮው አትርፏል" አሉኝ። "ዕቅዴ ልክ ነበር፣ ወፍጮው አትርፏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዜሮ ስትመጣ መጀመሪያ ማን እንደተሸከማት እጠይቃለሁ።"

ከመሳቢያቸው የኔን ፋይል አወጡ። የቅባቱ እድፍ እስከ መጨረሻው ገጽ ዘልቋል። ከኋላው በእርሳስ የተሠራ ሌላ ስሌት ነበር፤ እኔ ሰላም እንኳ ሳልላቸው በማልፍባቸው ወራት የሠሩት። መጀመሪያው መስመር ላይ "አህያ" ብለው ጽፈዋል። አክስቴን ሳሳያት ሳቀች። "አህያን እዚህ ገንዲ፣ ያ የዝንቡ በሽታ፣ ይገድለዋል። ይልማ ስንት ዓመት ጋምቤላ ኖሮ ይህን አያውቅም?" አለች። ነገርኳቸው። እሳቸውም ግንባራቸውን መትተው አህያውን በላጲስ አጠፉት። የመጨረሻው መፍትሔ የመጣው ከሷ ነው፦ ጆንያውን ወደ ድስቱ ከማምጣት ድስቱን ወደ ዛፉ መውሰድ። ቅቤው እዚያው ጫካ አጠገብ ይወጣል፣ መንገድ የሚሻገረው ቅቤው ብቻ ነው፤ የሚሸከመውም ይከፈለዋል። ለአዲስ አበባ የሚተርፍ የለም። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ብልቃጡም ይቀራል። ሰው የራሱን ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፣ እኛ በማንኪያ እንቀዳለን፤ ያ ደግሞ የቅቤውን የመቅለጥ ችግርም ፈታው።

ጋሽ ይልማ ሁሉንም ደመሩና ወረቀቱን አዞሩልኝ። ትርፉ ትንሽ ነበር። "ትንሽ ነው፤ ግን እውነት ነው" አሉ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቶ ሲያወጡ አየሁ። አዋጭ ነው ብለው ፈረሙ።

ሀብታም አልሆንኩም። ግን ይኸው በከተማችን፣ በኩሌ፣ አንዳንዴም ፑኝዶ ድረስ የአኳታ ቅባት ተብሎ ይታወቃል። ጋሽ ይልማ ጡረታ ከወጡም በኋላ በየወሩ መጀመሪያ እቤታቸው ሄጄ ወረቀቴን አሳያቸው ነበር። ቁጥሩን ከማየታቸው በፊት ስለ ሰዎቹ ይጠይቁኛል፤ ማን ተሸከመ፣ ማን ታመመ፣ ማን ልጅ ወለደ። እኔ አባቴን አላውቀውም። ሲሞቱ ነው የገባኝ፤ ለካ አባት ነበረኝ።

ስልኩ በተደወለ ማግስት ለቅሶ ቤት ስንደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ወይዘሮ አልማዝ አክስቴን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ ጓዳ ገብተው ተመለሱና አንድ ነገር እጇ ላይ አኖሩ። ጨርቋ ነበረች፣ እንደ ቀለበት እንደተጠቀለለች። "ጡረታ ሲወጡ ከቢሮው ይዘው የመጡት ይቺን ብቻ ነው" አሉ።

ሬሳውን የተሸከሙት የዕድሩ ሰዎች ናቸው። ፀሐዩ ከባድ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ አይደለም። በግራ በኩል ከፊት የያዘው ቀጭን ባለሱቅ ነው፤ የሣጥኑ ጠርዝ ትከሻውን እየበላው ደጋግሞ ያዛውረዋል፣ ላብ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። አክስቴ ከሴቶቹ መሃል ሆና እሱን ብቻ ስታይ ቆየች። ድንገት ሰልፉን አቋርጣ ወጣች። ሴት ሬሳ አጠገብ ስትሄድ ያዩ ሽማግሌዎች ተያዩ፤ አንዱ "እማማ፣ ወደ ኋላ" አላት። አልሰማችውም። ባለሱቁ ጋ ደረሰች፣ ጨርቋን በደህናው እጇ ዘረጋችና በትከሻውና በእንጨቱ መሃል አስገባችለት፣ እንዳይንሸራተትም አስተካከለችው።

"ቀስ በል" አለችው በአማርኛ። "እሱ ትልቅ ሰው ነው።"

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፤ ሰልፉ ቀጠለ። አክስቴ ተመልሳ ክንዴን ያዘችኝ። ትንሽ እንደሄድን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በቋንቋችን፣ "ለሐኪሙ እንዳትነግሪው" አለችኝ። "ትንሽ ተሸክሜዋለሁ።"